ልጁ በየት በኩል ይውረድ?

መኪና መግዛት ሲነሳ የእኛ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ማይል ሄዳለች? ነዳጅ ትበላለች? መለዋወጫዋ ውድ ነው? ነገ ስትሸጥ ዋጋ ታወጣለች? አዋቂ ነኝ የሚለው ደግሞ ኮፈኑን አስከፍቶ ዘይቷን ያያል፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያም "ሞተሯ ደህና ነው" ብሎ ይፈርዳል። ሁሉም ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ ላብ የፈሰሰበት ነውና። ነገር ግን በዓመት 180 ቀን ገደማ ጧት ጧት ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያወርድ ወላጅ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ የሚወርደው በየት በኩል ነው? በራሱ ነው ወይስ ሰው ወርዶ ከፍቶለት?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ወጣት ወዳጄ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለቤቱ ሌሊት ስለምትሠራ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማድረሱ ነገር በእሱ ላይ የወደቀ ነው። ያገለገለች ትንሽ መኪና አይቶ ልቡ ሄዷል። "ጋሼ፣ በሯን ቢያዩት! እንደ ቁም ሳጥን እኮ ነው የሚከፈተው!" አለኝ። እውነቱን ነው። የፊተኛው በር እንደ ማንኛውም መኪና ይከፈታል፤ የኋለኛው ግን ማጠፊያው ከኋላ፣ መክፈቻው ከፊት ስለሆነ ወደ ኋላ ይከፈታል። ሁለቱ በሮች ሲከፈቱ መሐል ላይ ምሰሶ የለም፤ የመኪናዋ ጎን ወለል ብሎ ይታያል። ያምራል፤ ማንም አይክደውም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ግን እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ወደ ኋላ የሚከፈት በር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ፊያት 600ን፣ ያችን "ሴይቼንቶ" የምንላትን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ አይረሳትም። ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ የነበሯት ሁለት በሮች ብቻ ናቸው፤ የሁለቱም ማጠፊያ ከኋላ ነበር። እስከ 1964 ድረስም እንዲሁ ስትሠራ ቆይታ ከዚያ በኋላ ማጠፊያው እንደ ሌሎቹ መኪናዎች ወደ ፊት ዞረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መኪና ሲሄድ ነፋሱ የሚመጣው ከፊት ነው። ማጠፊያው ከፊት የሆነ በር በደንብ ሳይዘጋ ቢቀር ነፋሱ መልሶ ይገፋዋል፤ ማጠፊያው ከኋላ የሆነ በር ግን ትንሽ ክፍተት ካገኘ ነፋሱ ይዞት ይበረግዳል። ቀበቶ ባልነበረበት ዘመን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን በር "የራስ ማጥፊያ በር" ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም።

የዛሬዎቹ እንደዚያ አይደሉም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ለብቻው ሊከፈት የሚችል ወደ ኋላ የሚከፈት በር፣ መኪናው በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ የውስጥ እጀታው መሥራት የለበትም። ትናንሾቹ መኪናዎች ደግሞ ሌላ መላ መርጠዋል፤ የፊተኛው በር ካልተከፈተ የኋለኛው ጨርሶ አይከፈትም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 ይሠራ የነበረው ሆንዳ ኤለመንት እንዲህ ነው። ከ2003 እስከ 2012 የተሠራው ማዝዳ አር-ኤክስ 8 እንዲህ ነው። ከ2013 እስከ 2022 በጀርመን ላይፕዚግ ይሠራ የነበረው የኤሌክትሪክ መኪና ቢኤምደብሊው አይ-3ም እንዲሁ ነው። ሦስቱም አራት ሰው ብቻ የሚይዙ ናቸው፤ ሦስት ልጅ ያለው ወላጅ ገና ከዚህ ላይ ማንበቡን ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ መላው ለጎዳናው በጎ ነው። ለትምህርት ቤቱ ሰልፍ ግን ምን ማለት እንደሆነ አብረን እንየው።

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ልጅ የሚወርድበትን ሰልፍ "ኪስ ኤንድ ራይድ" ይሉታል፤ ስሞ መሄድ እንደማለት ነው። መቼም በአንድ ሳምታ ልጁን የሚሸኝ ሐበሻ ስለሌለ ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩምባውን ቢነፋብን አይፈረድበትም። ሕጉ ቀላል ነው። መኪናው በእግረኛው መንገድ ጥግ ይቆማል፤ ሹፌሩ ከመቀመጫው አይነሳም፤ ልጁ በእግረኛው በኩል በራሱ ከፍቶ ወርዶ ይዘጋል፤ መኪናው ይሄዳል። ሰልፉ የሚንቀሳቀሰው ሁሉም እንዲህ ሲያደርግ ብቻ ነው።

ጋዜጠኛ ሳለሁ የያዘኝ ቆሞ የማየት ልማድ አለቀቀኝምና፣ አንድ ጧት እንዲህ ያለ በር ያላት መኪና ወረፋዋ ሲደርስ ሰዓቴን እያየሁ ተከታተልኩ። እናትየው ለብቻዋ ከፊት ናት፤ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከኋላ በስተቀኝ ተቀምጧል። ልጁ በሩን መክፈት አይችልም፤ የፊተኛው የቀኝ በር ተዘግቷላ። እናትየው ቀበቶዋን ፈታች፤ በግራ በኩል፣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ወረደች፤ ዞራ መጣች፤ የፊተኛውን በር ከፈተች፤ ከዚያ የኋለኛውን ከፈተች፤ ልጁ ወረደ፤ የኋለኛው ተዘጋ፤ የፊተኛው ተዘጋ፤ ዞራ ተመለሰች። አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የሌላው መኪና ልጅ በዚያን ጊዜ ውስጥ ወርዶ ክፍሉ በር ደርሷል። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ምን እንዳሰማት ልተወው።

ደቂቃዋ ብቻ ብትሆን ችግር አልነበረም። የአዘጋጉም ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የኋለኛው፣ ቀጥሎ የፊተኛው ካልተዘጋ ሁለቱ በሮች ይጋጫሉ። ልጅ ደግሞ ሲወርድ እጁን የሚያሳርፈው ሁለቱ በሮች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ የፊተኛውን በር የሚዘጋ ሰው ሳያይ ገፋ ካደረገው ጣቱ እዚያ ነው ያለችው። በሆንዳ ኤለመንት ሌላም አለ፤ የፊተኛው ተሳፋሪ ቀበቶ የተያያዘው ከኋለኛው በር ጋር ነው። ከፊት የተቀመጠው ሰው ቀበቶውን ሳይፈታ የኋለኛው በር ቢከፈት ቀበቶው ሰውየውን ይዞ ይጎትታል። ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ በሮች ፊትና ኋላ ተከፍተው፣ አጠገብ ያለው መኪና እንደ ግድግዳ ሆኖ፣ እናትና ልጅ በመሐል እንደ በረት ታጥረው ይቆማሉ። ለመውጣት በር መዝጋት ያስፈልጋል፤ በር ለመዝጋት ደግሞ መውጣት።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ሰው በየቀኑ የሚያስቸግረው ነገር ሲገጥመው አቋራጭ ይፈልጋል። የዚህ በር አቋራጭ ሁለት ነው። አንደኛው ልጁ ገና ሰልፉ ሳይቆም ቀበቶውን ፈትቶ፣ በመቀመጫዎቹ መሐል ሾልኮ ወደ ፊት መጥቶ በፊተኛው በር እንዲወርድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ለምን ከመጀመሪያው ከፊት አይቀመጥም?" ማለት ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ይብሳል። በ1990ዎቹ በዚህ አገር ከፊት የተቀመጡ ሕጻናት ቀላል በሚባል ግጭት ሳይቀር ኤርባግ መትቷቸው ሞተዋል። በፀሐይ መከላከያው ላይ የምናየው ማስጠንቀቂያ የተለጠፈው በእነሱ ምክንያት ነው። የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከኋላ ይቀመጥ ብሎ የሚመክረውም ስለዚሁ ነው። ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስም ከፍ የሚያደርገው ወንበር ያስፈልገዋል፤ ከሱ በታች ከሆነ ቀበቶው ትከሻው ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ ያርፋል። በእንግሊዝ አገር ሕጉ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው ይላል። እንግዲህ ለማማሯ የተገዛች በር ልጁን ከኋላ ወንበር ነቅላ ወደ ፊት የምታመጣው ከሆነ፣ ዋጋዋ ሻጩ ከነገረን በላይ ነው።

ለንደን ያሉ አንባቢዎቼ ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሚኒ ክለብማን ወደ ኋላ የሚከፈት ሦስተኛ ትንሽ በር ነበረው፤ በስተቀኝ በኩል ብቻ። በአሜሪካ መኪና በቀኝ ስለሚሄድ በሩ የሚከፈተው በእግረኛው በኩል ነው፤ መልካም። በእንግሊዝ አገር ግን መኪና በግራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በሩ የሚከፈተው በሹፌሩ በኩል፣ ወደ መኪናው መንገድ ሆነ። የሚገርመው መኪናው ይሠራ የነበረው እዚያው እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ነው! የነዳጅ መሙያው በግራ በኩል ስለነበር በሩን ማዞር ብዙ ወጪ ይጠይቅ ነበርና፣ የእንግሊዝ ልጅ በአገሩ በተሠራ መኪና ከአውቶቡስ ፊት እንዲወርድ ተፈረደበት። በ2015 የመጣው ተከታዩ ክለብማን አራት ተራ በሮች ይዞ ነው የወጣው፤ ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው። እዚህ አሜሪካም በ1999 ሳተርን ለትንሿ መኪናው ሦስተኛ በር የሠራለት በሹፌሩ በኩል ነበር። ለሹፌሩ ቦርሳ መወርወሪያ ይመቻል፤ ለልጅ ማውረጃ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ2011 የወጣው ሂዩንዳይ ቬሎስተር የተሻለ አሰበ። በሹፌሩ በኩል አንድ፣ በተሳፋሪው በኩል ሁለት በር አደረገ፤ የኋለኛውም በራሱ ይከፈታል። ሆኖም የውጭ እጀታው በመስኮቱ ጠርዝ ከፍ ብሎ ስለተደበቀ ትንሽ ልጅ በራሱ ሊገባ ሲል መጀመሪያ መክፈቻውን መፈለግ አለበት።

ፍርድ ሚዛናዊ ይሁን ከተባለ የእነዚህን በሮች መልካም ጎንም መናገር ይገባል። ሕጻኑ ገና በወንበር የሚታሰር ከሆነ ወላጁ ወርዶ ማሰሩ የማይቀር ነው፤ ያን ጊዜ ምሰሶ የሌለው ሰፊ በር ለወገብ ትልቅ እረፍት ነው። የልጅ ልጆቻቸውን ሊይዙ ከአገር ቤት የመጡ እናትም ነጠላቸውን ሳያስይዙ፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ በሆንዳ ኤለመንት ጎን ገብተው ይቀመጣሉ። ከፊት ሁልጊዜ ሁለተኛ ትልቅ ሰው ካለም በሩን እሱ ይከፍታል። ስለዚህ በሩ ለሁለት ዓመት ልጅ ጥሩ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ መጥፎ ነው። ችግሩ የሁለት ዓመቱ ልጅ መኪናዋ ሳታረጅ ሰባት ዓመት መሙላቱ ነው።

በትንሽ መኪና ላይ ለየት ያለ በር የግድ ከተፈለገ የሚንሸራተተው ይሻላል። ለብቻው ይከፈታል፤ የጎረቤትን መኪና አይገጭም፤ በነፋስ አይበረገድም። በአሜሪካ እስከ 2015 ድረስ ይሸጥ የነበረው ማዝዳ 5 ስድስት ሰው ይይዛል፤ የኋላ በሮቹም በሁለቱም በኩል በእጅ ይንሸራተታሉ። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ከ2012 እስከ 2017 በሩማንያ ይሠራ የነበረውን ፎርድ ቢ-ማክስ ቢፈልጉ እንደ ቁም ሳጥን ወለል የሚል ጎንም፣ ለብቻው የሚከፈት የኋላ በርም በአንድነት ያገኛሉ። መልካቸው ልብ አይሰቅልም፤ የልጅን ጣትም አያሰጋም።

አንዳንዱ "ለአንዲት በር ይህን ያህል?" ይል ይሆናል። ሁለት ሥራ በሚሠራ ቤት ውስጥ አባት ከልጁ ጋር በአማርኛ የሚያወራው መቼ ነው? ማታ ልጁ ተኝቷል፤ ቅዳሜ አባትየው ሥራ ነው። ለብዙዎቻችን ያለችን ጧት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለችው አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። ያቺ ሰዓት "ቶሎ በል! ተነሣ! እሱን አትንካ! ቆይ ልክፈትልህ!" በሚል ጩኸት ካለቀች፣ ልጁ አማርኛን የሚያውቀው የቁጣ ቋንቋ አድርጎ ነው።

እናም ልጅ ያላችሁ፣ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መካኒክ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ልጆቹንና የልጆቹን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። መኪናዋ ከመስከረም 2002 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራች ከሆነች ከኋላ የወንበር ማሰሪያ መንጠቆ ሊኖራት ይገባል፤ ፈልጋችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ወንበሩን አስራችሁ እዩ። ከዚያ እናንተ በመሪው ፊት ተቀምጣችሁ፣ ዘወር ሳትሉ፣ ልጁን "በል ውረድ" በሉት። በእግረኛው በኩል፣ በራሱ እጅ ከፍቶ፣ ጣቱን ሳያስይዝ ወርዶ ከዘጋ ዋጋ መነጋገር ትችላላችሁ። ካልቻለ ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ሌላዋ እለፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ገበያው ላይ በራሱ የሚከፈት በር ያላት መኪና አትጠፋም።