የመቶ ሺህ ዶላሩ ክፍያ ከፋርማሲስቶች ላይ ይነሳ!

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈርመው ለ12 ወራት ያጸኑት አዋጅ፣ አንድ አሠሪ በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ከውጭ ለሚያስመጣው ሠራተኛ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ያዛል። አዋጁ በተለይ የሚወቅሰው የኮምፒዩተር ሙያ ኩባንያዎችን ነው። ዱላው ግን ምንም ባላጠፋው ፋርማሲስት ላይም አርፏል።

ማን ይግባ፣ ማን አይግባ ብሎ መወሰን የአገሪቱ መብት መሆኑን አንክድም። ይሁንና ለውጭ ፋርማሲስት በሩ ድሮም ክፍት አልነበረም። ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ የተመረቀ ወጣት ትራንስክሪፕቱን ከዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር ለሚቀበለው የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ማስላክ አለበት፤ የሬጅስትራር ደጅ መጥናቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከዚያ የውጭ ምሩቃን የአቻነት ፈተና አለ፣ ቶፍል አለ፣ የልምምድ ሰዓት አለ፣ ናፕሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተናና የሕግ ፈተና አለ። ልምምዱ የሚሠራው ደግሞ እዚሁ አሜሪካ ነው። ያለ ቪዛ ልምምድ የለም፤ ያለ ልምምድ የሙያ ፈቃድ የለም፤ ያለ ፈቃድ ስፖንሰር የሚሆን አሠሪ በባትሪ ተፈልጎም አይገኝም። በዲቪ የገባው እንኳ ስንት ጊዜ ከቆጣሪው ጀርባ በቴክኒሺያንነት ክኒን እየቆጠረ እንደሚቆይ አንባቢዎቻችን በየቤታቸው ያውቁታል።

በዚህ ሁሉ ላይ መቶ ሺህ ዶላር! የፋርማሲስት መካከለኛ ደመወዝ በዓመት ከ130 ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይከፍሉ ይሆናል፤ በአንዲት የገጠር ከተማ ብቸኛውን ፋርማሲ የያዘ ሰው ግን ከየት አምጥቶ? ከትልልቆቹ የፋርማሲ ሰንሰለቶች ሪት ኤይድ ሱቆቹን ሁሉ ዘግቷል፣ ዋልግሪንስም 1,200 ያህሉን እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ ስለዚህ የባለሙያ እጥረት የለም የሚሉ አሉ። ሱቅ ሲዘጋ ግን በሽተኛው አብሮ አይዘጋም።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስለ አዋጁ የወጣው ማብራሪያ አገር ውስጥ ሆኖ ቪዛውን የሚቀይረውን ነፃ አድርጓል፤ መልካም ነው። አዋጁ ለብሔራዊ ጥቅም ሲባል አንድን የሥራ ዘርፍ በሙሉ ነፃ የማድረግ ሥልጣንም ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ሰጥቷል። ይህ ሥልጣን ለፋርማሲ ሙያ ይዋል እንላለን።

እስከዚያው ለአንባቢዎቻችን አንድ አደራ አለን። በአዋጁ መሠረት ክፍያውን የሚጠየቀው አሠሪው ነው። «ስፖንሰር አለ፣ ግማሹን አንተ ክፈል» ለሚል ደላላ ብለው ቤታቸውን እንዳይሸጡ፣ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።