ለትንሿ «ጌት» የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ይድረስ ለእንግሊዝኛዋ ቃል፣ ለ«ጌት»፦

በሜሪላንድ ሆስፒታሎች ለአማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን አስተረጉማለሁ። ሰው ሥራዬን ሲሰማ የሚያስቸግረኝ የበሽታና የመድኃኒት ስም ይመስለዋል። እነዚያስ ጥናት ይበቃቸዋል። በየቀኑ ከጆሮዬ የማትጠፊው፣ ስተረጉምም ቆም ብዬ እንዳስብ የምታደርጊኝ አንቺ ነሽ። በየመዝገበ ቃላቱ ስለ አንቺ ብዙ ተጽፏል፤ ያመሰገነሽ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩልሽ።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገርሽ። ነርሷ አንዲት እናትን ተቀብላ ታነጋግራለች። «በምን መጡ?» ለማለት የተጠቀመችው በአንቺ ነው። «የጉንፋን ክትባት ተከትበዋል?» ስትልም አንቺን፣ «ሲነሱ ያዞርዎታል?» ስትልም አንቺን። እማማ በለሆሳስ ሲመልሱላት «ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም» አለች፤ እዚያም አለሽ። በመጨረሻ «ሐኪሙን ልጥራ» ብላ ወጣች፤ እሱም አንቺው ነሽ። መምጣት፣ መከተብ፣ ማዞር፣ መስማት፣ መጥራት፦ አማርኛው አምስት ግስ ጠየቀኝ፣ እንግሊዝኛው በአንቺ ብቻ አለፈው። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣችው የእማማ ልጅ ነርሷ ከወጣች በኋላ «ይቺ ጌት፣ ጌት የምትላት ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ትርጉም አልሰጠኋትም፤ አምስቱንም አረፍተ ነገር በወረቀት ጻፍኩላት።

ከየት እንደመጣሽ ሳነብ ደግሞ ይበልጥ ቀረብሽኝ። በትውልድሽ እንግሊዛዊት አይደለሽም። ቫይኪንጎች እ.ኤ.አ. በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ፣ በ866 ዮርክን ያዙ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ እዚያው ሰፍረው አረሱ፣ ተጋቡ፣ ተገበያዩ። በእነሱ አፍ «ጌታ» ትባዪ ነበር፤ ከእኛው ጌታ ጋር ግን ዝምድና የለሽም። እንግሊዞቹ የሥጋ ዘመድሽ ነበረቻቸው፤ ግን ብቻዋን አትነገርም፣ ዛሬ «ፎርጌት» እንደምንለው ባሉ ድርብ ቃላት ውስጥ ብቻ ነበረች፣ «ገ»ዋም «የ» ተብላ ነበር የምትነገረው። ጠንካራው «ገ» የእነዚያ ሰፋሪዎች ስጦታ ነው። በባዕድ ድምፅ ገብተሽ የቤቱን ዘመድሽንም ድምፅ ቀየርሽው። በሰው አገር ቋንቋ እንጀራዬን የምበላ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አንቺ ታውቂያለሽ።

የጥንት ሥርሽ ፍቺው መያዝ፣ መጨበጥ ነው። ከዚያው ሥር በላቲን በኩል «ኮምፕሪሄንድ» ተወልዷል። አንድ ፕሮፌሰር በኮምፕሪሄንድ «ተረዳሁ» ሲል፣ የጋራዥ ሠራተኛው በአንቺ «ገባኝ» ሲል፣ ሁለቱም ነገሩን በአእምሯቸው እጅ ጨበጡት ማለት ነው።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል ክብር የለበሱ ቃላት ተከታትለው ገቡ። «ሪሲቭ»፣ «ኦብቴይን»፣ «አክዋየር»፣ «ፐርቸስ»፣ «አራይቭ»። አራይቭ መጀመሪያ ከባሕር ወደ ዳር መድረስ ነበር፤ ፐርቸስም ከመግዛቱ በፊት አሳዶ መያዝ ነበር። ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 የታተመውን ዝነኛ የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፉን ካዘጋጀ ወዲህ ጸሐፊ ሁሉ እንዲህ ያሉትን ጎን ለጎን ተደርድረው ሲያገኛቸው አንዱ በሌላው የሚተካ ይመስለዋል። አይተካም። ፈቃድ ስለ ማውጣት የሚናገር የመንግሥት ቅጽ ኦብቴይን ቢል ያምርበታል። እናት ልጇን ከማቀዝቀዣው ወተት እንዲያመጣላት በኦብቴይን ብትጠይቀው ግን ልጁ ቆሞ ያያታል። ስጦታውን ሪሲቭ አደረግሁ ያለ ሰው ደረሰኝ የፈረመ ይመስላል፤ በአንቺ የተናገረው ግን ደስታው ይሰማል። ደመወዝ ሲከፈለን፣ ሥራ ስንቀጠር፣ ስናገባ፣ ስንጎዳ፣ ስንጠፋ የምትቆሚበት ቦታ ላይ ደግሞ ሪሲቭም ኦብቴይንም መቆም አይችሉም። ሰው ላይ የሚደርሰውን ነገር ሁሉ እንዲህ በአጭሩ የምትናገሪ አንቺ ነሽ።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ፍቺያቸው ተበታትኖ ካስቸገሩት ግሶች መካከል ስምሽን ጠርቷል። አልፈርድበትም፤ የእሱ ሥራ ወሰን ማበጀት ነበር። ከተማሪ ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ከሚሰርዙሽ መምህራን ጋር ግን አልስማማም። ውል ሲጻፍ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ ሲሰጥ ጠባቡ ቃል ይመረጣል፣ ልክ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ግን አንቺን ማስወጣት ቋንቋውን ማድረቅ ነው። ቀላል መሆንሽን ከድህነት የሚቆጥሩት ተሳስተዋል። በእንግሊዝ አገር «ጎት» እያሉ የተዉትን «ጎተን» አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ይዘሽ መኖርሽም ደስ ይለኛል።

በአማርኛም የምትመስልሽ አለች፤ «ያዘ»። አውቶቡስ እንይዛለን፣ ወንበር እንይዛለን፣ ትምህርት በቃል እንይዛለን፣ ሌባ ይያዛል። በአንድ ነገር ግን ትለያያላችሁ። በእንግሊዝኛ ጉንፋኑን የሚያገኘው ሰውየው ነው፤ በአማርኛ ጉንፋኑ ነው ሰውየውን የሚይዘው። ሕመምተኛው «ያዘኝ» ሲል በአንቺ ለነርሷ ስመልስላት ባለቤቱን ከተሳቢው አገላብጣለሁ። የራሴን ቋንቋ በዚህ ዓይን እንዳይ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽና እጅ እነሣለሁ።

እናንት አዲስ ለገቡ ወገኖቻችን በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በማኅበር አዳራሽ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አደራ፣ ጌትን በመጀመሪያው ሳምንት አስተምሩልኝ። በዝርዝር ሳይሆን በአረፍተ ነገር፤ «በምን መጣህ»፣ «ገባኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ተቀጠርኩ» እያላችሁ። ኦብቴይን ቅጹ በሚሞላበት ቀን ይደርሳል፤ ነርሷም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ አሠሪውም ነገ ጠዋት የሚያናግሯቸው በጌት ነው።