ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሽቦው ይለካ

የመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲታወክ ቀዳሚው ጥርጣሬ በብረቱ ላይ ያርፋል። በዚህም ሳቢያ ካምቢዮው ወርዶ ይፈታል፤ አለዚያም ከአሮጌ መለዋወጫ ገበያ በተገዛ ሌላ ይተካል። ይሁን እንጂ ማርሹን የሚያስገባው የዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱን የሚመሩት ሶሌኖይዶች፣ ሶሌኖይዶቹን የሚያዝዘው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። በመካከሉ አንድ ሶኬት ቢዝግ መኪናው ካምቢዮው የተበላሸበት ይመስላል። ስለዚህ ልኬት ከመፍታት ሊቀድም ይገባል።

ችግሩ የሚከብደው ብልሽቱ ታይቶ የሚጠፋ ሲሆን ነው። ከዓለምገና ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ መኪና ጥያ ሲደርስ በአንድ ማርሽ ተወስኖ ቀረ እንበል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ይስተካከላል፤ ቡታጅራ ጋራዥ ውስጥ ሲፈተሽም እንከን አይገኝበትም። የዚህ ምክንያት በስሌት ይታያል። የመዳብ ሬዚስታንስ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በ0.39 በመቶ ገደማ ያድጋል። በ20 ዲግሪ 13 ኦም የሆነ የሶሌኖይድ ጥቅል በ100 ዲግሪ 17 ኦም ይደርሳል፤ ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። በዝገት የተነሣ በመስመሩ ላይ 5 ኦም ቢታከል ግን በ12 ቮልት የሚያልፈው ከረንት በብርድ 0.67፣ በሙቀት 0.55 አምፔር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው የሚሠራ ሶሌኖይድ በሁለተኛው ሊሰንፍ ይችላል። በብርድ ብቻ የለካ ባለሙያ ጤነኛ ብሎ ያሰናብተዋል።

ከሁሉ የሚጎዳው ባትሪ ነቅሎ የመመለስ ልማድ ነው። በብዙ መኪኖች ይህ የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ ስለሚያጠፋ ምስክሩ ሳይጠየቅ ይሰናበታል። ኮዱ ሲነበብም ጥንቃቄ ይሻል። ፒ0753 የሚጠቁመው የአንደኛውን ማርሽ ቀያሪ ሶሌኖይድ የኤሌክትሪክ መስመር በሞላ ነው፤ ሶሌኖይዱን ገዝቶ መተካት ሽቦውንና ሶኬቱን ከመፈተሽ አያድንም።

ስካነር ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን ሶሌኖይዱ እየሠራ ሳለ በሽቦው ሁለት ጫፍ መካከል የሚባክነውን ቮልቴጅ ለመለካት ተራ መልቲሜትር ይበቃል። ይህ ልኬት ከተለመደው የመስመር መቀጠል ፍተሻ ይበልጣል፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ በዚያኛው ፍተሻ ያልፋልና።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጅ ያሉትን በአግባቡ መጠገን የባለቤቶችም የአገርም ጥቅም ሆኗል። የምሕንድስና ተመራማሪዎች ከቡታጅራና ከወልቂጤ ጋራዦች ጋር ቢሠሩ ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልጋቸውም። ለእያንዳንዱ ብልሽት ኮዱን፣ የዘይቱን ሙቀትና በሥራ ላይ የተለካውን ቮልቴጅ መዝግቦ መያዝ ጥሩ መነሻ ነው። መዝገቡ ሲዳብር ስንቱ ካምቢዮ ያለ ጥፋቱ እንደሚወርድ በቁጥር ማወቅ ይቻላል።