ከማሻሻል መንከባከብ ይቅደም



በትምህርት ቤታችን ግቢ ከእግር ኳስ ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚነሣበት ጉዳይ መኪና ነው፤ በተለይም ሱባሩ። ናይሮቢ ለሚኖር ወጣት ይህ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሊን ማክሬ የሳፋሪ ራሊን በሱባሩ ኢምፕሬዛ ሲያሸንፍ ያልተወለዱ ልጆች እንኳ ታሪኩን ያወሩታል። ውድድሩም ከ2021 ጀምሮ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ተመልሶ የናይቫሻን አቧራ ያስነሣል። እኔም ሱባሩ ዳብልዩ አር ኤክስ ኤስ ፎር ስለምነዳ፣ የከፍተኛ ክፍል ልጆች «ቲቸር፣ ምን አስጨመሩበት?» እያሉ ይጠይቁኛል። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ያለው ነገር በደህና እየሠራ ነው ወይ?

ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው መኪና እንዲገባ ስለማትፈቅድ፣ ከጃፓን የሚመጡት ብዙዎቹ ወደዚያ ዕድሜ የተጠጉ ናቸው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ጎማው፣ ቀበቶውና ዘይቱ ግን አብረው አርጅተዋል። የጥገና መዝገቡ ቢኖር እንኳ በጃፓንኛ ነው። ስለዚህ አዲስ ባለቤት የመጀመሪያውን ገንዘብ ማዋል ያለበት ለፍተሻ እንጂ ለሚጮህ ማርሚታ አይደለም።

ከጎማ እንጀምር። በጎማው ጎን ላይ 4 አኃዞች ታትመዋል። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህን ማንም ልጅ የአባቱን መኪና ዞሮ ማንበብ ይችላል። እንደ ሱባሩ 4ቱም እግሮች በሚገፉት መኪና ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ፋብሪካው የ4ቱ ጎማዎች ዙሪያ በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንኳ እንዳይበላለጥ ይመክራል። አንዱ ፈንድቶ አዲስ ጎማ ካረጁት ሦስቱ ጋር ቢገጠም፣ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃል፣ ይበላል። በአንድ ጎማ ዋጋ የዳነ መስሎት በዲፈረንሻል ዋጋ የሚከፍል ብዙ ነው።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲገባበት ግን የሚፈላበት ሙቀት እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከሊሙሩ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወስደውን ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። እኔ ይህን ዘይት በየ2 ዓመቱ፣ የሞተሩን ዘይት ደግሞ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስቀይራለሁ። ቱርቦው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል፣ ከመቃጠል የሚያድነው ያው ንጹሕ ዘይት ነው።

አሁን ወደ ጉልበት እንምጣ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ከሞምባሳው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ቱርቦ ያለው ደግሞ ጉድለቱን ለማካካስ አስቀድሞ ጠንክሮ እየሠራ ነው። በዚህ ላይ በኮምፒውተር ግፊቱን ማስጨመር፣ ለዚህ ከፍታና ለዚህ ነዳጅ በሚያውቅ ባለሙያ ካልተስተካከለ፣ ፒስተን እስከ መሰንጠቅ ሊያደርስ ይችላል። ደግሞም የፊዚክስ መምህራችሁ እንዳስተማሯችሁ፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም በ60 ከሚሄደው 4 እጥፍ ያህል የፍሬን ርቀት ይፈልጋል። ጉልበት የጨመረ ሰው ማቆሚያውን ካላስቀደመ ያሻሻለው ነገር የለም።

አንዳንድ ወላጆች መኪና ማሻሻል ከነጭራሹ ብክነት ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። መኪና የሚወድ ልጅ ስለ ሙቀት፣ ስለ ግፊትና ስለ ብረት ሳይገደድ ይማራል። ማሻሻልም ተራውን ጠብቆ ሲመጣ መልካም ነው። እኔ ያስቀደምኩት ጥሩ ጎማና ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ ነው። ጎረቤት አይሰማቸውም፤ ፎቶግራፍም ላይ አይታዩም። ዝናብ በመጣ ቀን፣ ሕፃን መንገድ በተሻገረ ጊዜ ግን ያስፈልጋሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲመረቅ ቁልፍ ልትሰጡት ካሰባችሁ፣ ከቁልፉ ጋር ደብተር ስጡት። ምን እንደተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በማን ጋራዥ እንደተሠራ በእጁ ይጻፍበት። ለ3 ወር ያለ ጉትጎታ ከጻፈ፣ ያን ጊዜ ስለ ማርሚታውም ስለ ቸርኬውም አነጋግሩት።

እናንተም የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ የሌላ ሰው ሱባሩ ውስጥ ስትገቡ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ከመጠየቃችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። ያፈጠጠ ሽቦ ካያችሁ አትግቡ፤ ጓደኛችሁንም አታስገቡ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።