ረኀብን ጨዋታ ማድረግ ይገባልን?

ሰው የሚፈራውን ነገር በጨዋታ መልክ ማቅረብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ሕፃናት አንዱ ጅብ፣ ሌሎቹ በግ ሆነው ይባረራሉ፤ ጎረምሶች በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ እንደ ጠላት ይጋጠማሉ፤ በገበጣ ዙሪያ የተቀመጡ ሽማግሌዎችም አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲማርክ ይውላሉ። ይኸው ልማድ በዘመናችን ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። በኮምፒዩተር ከሚቀርቡት ጨዋታዎች መካከል አንዱ ከስሙ ጀምሮ ለክርክር የሚጋብዝ ነው። ስሙ «ዶንት ስታርቭ» ሲሆን፣ ትርጓሜው «አትራብ» ማለት ነው።

ጨዋታውን የሠራው በካናዳ አገር፣ በቫንኩቨር ከተማ የሚገኘው ክሌይ ኢንተርቴይንመንት የተባለ ድርጅት ነው። ለሕዝብ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። የታሪኩ ዋና ሰው ዊልሰን ይባላል። ዊልሰን ሊቅ ነኝ የሚል፣ ነገር ግን ሙከራው ሁሉ የማይሳካለት ሰው ነው። አንድ ቀን በንዴት ላይ ሳለ ከራዲዮኑ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም ስውር ዕውቀት እሰጥሃለሁ እያለ ያባብለዋል። ዊልሰን እንደታዘዘው አንድ እንግዳ መኪና ሠርቶ ማንቀሳቀሻውን በሳበ ጊዜ፣ ጥላ የመሰሉ እጆች ይዘው ወደማይታወቅ ዱር ይጎትቱታል። ጨዋታው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚያ ዱር ተጫዋቹ ሦስት ነገሮችን መጠበቅ አለበት፤ እነርሱም የዊልሰን ሆድ፣ ጤናና አእምሮ ናቸው። ሆዱ ሲሞላ 150 ነጥብ ይይዛል። በአንድ የጨዋታ ቀን 75 ነጥብ ስለሚጎድልም፣ ምንም ሳይቀምስ ከሰነበተ በሁለት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ከዚያም ጤናው እያሽቆለቆለ ሄዶ ይሞታል። ስለዚህ ሣር ያጭዳል፣ ጭራሮ ይለቅማል፣ ባልጩት ይሰበስባል፤ ጭራሮውንና ባልጩቱን አጣምሮ ምሣር ይሠራል፤ በምሣሩም ዛፍ ይቆርጣል። ሌሊት ሲሆን እሳት ካላነደደ በጨለማ ውስጥ ያለ የማይታይ ፍጥረት ያጠፋዋል።

እንዲህ ያለ አስፈሪ ታሪክ ስለ ምን ብዙ ወዳጅ አገኘ? የመጀመሪያው ምክንያት ቀልዱ ነው። ዊልሰን አንድን ነገር እንዲመረምር በታዘዘ ቁጥር እንደ ሊቅ ኮራ ብሎ አስተያየት ይሰጣል፤ አስተያየቱ ግን ብዙውን ጊዜ ዕውቀቱን ሳይሆን ግራ መጋባቱን ይገልጣል። ሲናገርም የሚሰማው የሰው ድምፅ ሳይሆን የታፈነ መለከት ነው። ጢሙ ቀን በቀን ያድጋል፤ ያደገው ጢምም በክረምት ብርድ እንደ ልብስ ያሞቀዋል። ከሌሎቹ ባለታሪኮች አንዱ ደግሞ ከሚናገር ምሣር ጋር የሚኖር እንጨት ቆራጭ ነው። ተጫዋቹ በፍርሃት መካከል ሳይወድ ይስቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራና ውጤት በግልጽ ተያይዘው መታየታቸው ነው። ጨዋታው ለጀማሪው ብዙ መመሪያ አይሰጥም፤ ተጫዋቹ የሚማረው ከስሕተቱ ነው። ያልተስማሙ ነገሮችን በድስት ቢያበስል የማይረባ ወጥ ያገኛል። ምግብ አከማችቶ ቢረሳ ይበሰብስበታል፤ የበሰበሰው ግን ማዳበሪያ ይሆነዋል። ሥጋውን በማድረቂያ ላይ ሰቅሎ ቋንጣ ካደረገው ሳይበላሽ ይቆይለታል። በክረምት እርሻው ስለማያበቅል፣ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ይቸገራል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለው አባባል በዚህ ጨዋታ ውስጥ በተግባር ይታያል። ቤተሰቡ እህል ሲያጭድና ሥጋ ሲዘለዝል ላላየ የከተማ ልጅ፣ ምግብ በድካምና በጥንቃቄ የሚገኝ መሆኑን ማሳየቱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ጉዳቱም ከጥቅሙ አያንስም። ከሁሉ አስቀድሞ ጨዋታው ጊዜን ይበላል። አንዱ የጨዋታ ቀን ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ስምንት ደቂቃ ደግሞ ለማንም ሰው ብዙ ስለማይመስል፣ ተጫዋቹ «አንድ ቀን ብቻ ልጨምር» እያለ የጥናቱን ሰዓት ሳያውቀው ይጨርሳል። በዚያ ላይ ዊልሰን አስቀድሞ መነሻ መንገድ ካልተዘጋጀለት በቀር፣ በሞተ ጊዜ የተሠራው ሁሉ ይጠፋል። የብዙ ሰዓት ድካም በአንድ ስሕተት ሲደመሰስ የሚሰማው ቁጭት ተጫዋቹን ወደ ዕረፍት ሳይሆን እንደገና ወደ መጀመር ይገፋፋዋል።

ሁለተኛው ጉዳት ሥራን ያለ ላብ ማሳየቱ ነው። በጨዋታው ዛፍ በጥቂት ምት ይወድቃል፤ ዘርም በጥቂት ቀን ያፈራል። በእውነተኛው ዓለም ግን አንድ ማሳ ታርሶ፣ ተዘርቶና ታርሞ እህሉ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ፈጣን ውጤት የለመደ አእምሮ ትዕግሥት የሚጠይቀውን ሥራ ይሰለቻል የሚል ሥጋት ያላቸው ወላጆች ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ጉዳት ነው፤ እርሱም ስለ ረኀብ የሚሰጠው የተሳሳተ ሐሳብ ነው። በጨዋታው ሕግ የተራበ ሰው የሰነፈ ወይም ያልተጠነቀቀ ሰው ነው፤ የተጋ ሰው አይራብም። ዕዳ የለም፤ የእህል ዋጋ የለም፤ ጦርነት የለም። እውነቱ እንዲህ አይደለም። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኀብ ሲመረምር፣ በጠቅላላው በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ ከወሎም እንኳ እህል ወደ ሌላ ስፍራ ይወጣ እንደነበረ አመልክቷል። የወሎ ገበሬ የተራበው ስላልሠራ አልነበረም፤ ዝናብ ቀርቶ ሰብሉ ሲጠፋና ከብቱ ሲያልቅ፣ እህል የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብም ድርቅና ጦርነት ተባብረው ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጅተዋል። ያ ሕዝብ በትጋት ከማንም አያንስም ነበር። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። በምቾት ተቀምጦ ረኀብን በነጥብ የሚቆጥር ወጣትም ይህ አባባል እንዳይደርስበት መጠንቀቅ ይገባዋል።

እንግዲህ በረኀብ መሳቅ ነውር ነውና ጨዋታው ጨርሶ ይቅር የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ አያስደንቅም። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ የጨዋታው ሣቅ ያነጣጠረው በተራበ ሰው ላይ አይደለም። የሚሳቀው ሁሉን አውቃለሁ ብሎ በማያውቀው ድምፅ በተታለለ፣ በኋላም ራሱን መመገብ ባቃተው ትዕቢተኛ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሣቅ ያርማል እንጂ አያዋርድም። ስለዚህ ነቀፌታው መቅረብ ያለበት በቀልዱ ላይ ሳይሆን፣ ጨዋታውን የእውነት ትምህርት አድርጎ በሚቀበል ተጫዋች ላይ ነው።

ሠሪዎቹም ቢሆኑ የብቸኛውን ሰው ታሪክ በዚያው አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቅቆ የወጣው ተከታይ ጨዋታ እስከ ስድስት ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱበት ነው። በዚህኛው ውስጥ የሞተ ሰው መንፈስ ሆኖ በጓደኞቹ መካከል ይንከራተታል፤ እርሱ እንደዚያ ሆኖ ሳለም የሕያዋኑ አእምሮ ይታወካል። ሊያስነሣው የሚፈልግ ጓደኛ ከሣርና ከሸረሪት ዕጢ አንድ ልብ ይሠራለታል። ልቡን ሲሠራ ግን ከራሱ ጤና 40 ነጥብ ይከፍላል። ሌላውን ለማዳን ከራስ መቀነስ እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ይህ ሕግ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ ሕግ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። በክፉ ቀን ሰው የሚተርፈው ባለው ምሣር ብቻ ሳይሆን፣ ያለውን በሚያካፍለው ጎረቤት ጭምር ነውና።

በአጠቃላይ ሲታይ ይህ ጨዋታ የሚጠላ ሳይሆን በልክ የሚያዝ ነው። አቁሞ በሌላ ጊዜ መቀጠል ስለሚቻል፣ ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት ስንት ቀን እንደሚጫወት ሊወስን ይችላል፤ አራት የጨዋታ ቀን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የሚቻል ከሆነም ብቻውን ከመጫወት ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር ቢጫወት ይሻላል። ከዚህም ሌላ «አትራብ» የሚለውን ስም ባነበበ ጊዜ፣ በዚያው ቤት ውስጥ ረኀብን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን ሊኖሩ እንደሚችሉ ያስታውስ። ኮምፒዩተሩን ዘግቶ፣ ከአጠገባቸው ተቀምጦ፣ ያ ክፉ ቀን እንዴት እንዳለፈ፣ ማን ለማን ምን እንዳካፈለ ቢጠይቃቸው፣ ጨዋታው ያላስተማረውን ከእነርሱ ይማራል።