ፈተና ከመምጣቱ በፊት

ተማሪ በወረቀት ላይ የሚመልሰው ጥያቄ፣ ሰው በኑሮው የሚደርስበት መከራ፣ ልብን ወደ ክፉ የሚስብ ምኞት፣ በአማርኛችን ሦስቱም «ፈተና» ይባላሉ። ይህም በቃል እጥረት የሆነ አይመስለንም፤ ሦስቱም በሰው ውስጥ ያለውን ገልጠው ያሳያሉና።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለን። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ሲገለጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ መካከል 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትም አለበትና ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሆኖም አንድ ቁም ነገር አስተምሮናል፤ ይኸውም በፈተናው ቀን ዕውቀት ከጎረቤት የማይሸመት መሆኑን ነው።

የኑሮም ፈተና እንዲሁ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የገባውን ወጣት እንመልከት። በመጀመሪያው ወር ማንም መጥቶ «ሌባ ሁን» አይለውም። አንድ ባለጉዳይ ጉዳዩ ከተፈጸመለት በኋላ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ፣ «ለሻይ» በማለት ጥቂት ብር ያስቀምጥለታል። በሌላ ጊዜ ብሩ ጉዳዩ ከመፈጸሙ በፊት ይመጣል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ባዶ እጁን የመጣው ባለጉዳይ «ፋይልህ አልተገኘም፤ ነገ ተመለስ» ይባላል። ያ ወጣት ጉቦኛ የሆነበትን ቀን ቢጠይቁት ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ከዚህም የሚከፋው ፈተናው የፍቅርን ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ደመወዝ ወር አያደርስም። በገጠር ያሉት ወላጆች በሬ ሸጠው አስተምረዋል፤ ታናናሾች ደብተርና ጫማ ይጠብቃሉ። በዚህ ላይ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከልጅነት ጀምሮ በጆሮ ውስጥ አለ። ስለ እናቱ ብሎ የሚወስድ ሰው ራሱን ከሌባ አይቆጥርም። የእርሱ እናት መድኃኒት የተገዛበት ብር ግን የባለጉዳዩ እናት መድኃኒት ሊገዛበት የነበረ ሊሆን ይችላል።

ደመወዝ ይሻሻል፣ ቁጥጥርም ይጥበቅ ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን የትኛውም ተቆጣጣሪ በየጠረጴዛው ሥር ሊቀመጥ አይችልም። ሰው ብቻውን በሆነበት ሰዓት የሚያቆመው ሌላ ኃይል ያስፈልገዋል፤ እኛ ክርስቲያኖችም ይህን ኃይል ከእምነታችን እንጠብቃለን።

አንዳንዶች ያመነ ሰው አይፈተንም፣ ቢፈተንም ወዲያው ይሳካለታል ብለው ያስባሉ። ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋራ አይስማማም። ጌታችን ራሱ 40 ቀንና 40 ሌሊት ከጾመ በኋላ ተፈትኗል፤ የመጀመሪያውም ፈተና የመጣው በተራበበት በኩል ነው። ዮሴፍ በግብፅ የተሰጠውን አደራ ጠብቆ ከጌታው ሚስት ቢሸሽ ያገኘው ዋጋ ወኅኒ ቤት ነበር። እንግዲህ እምነት የሚቆሙበት መሬት ነው፤ በዚያ ላይ የቆመ ሰው ቢታሰርም አልወደቀም።

ይህም መሬት አስቀድሞ መደልደል አለበት። ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት የሚያገለግል ምርኮኛ ወጣት ሳለ በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ ገና ሳይቀምሰው በልቡ ቈረጠ። እምቢታውንም ያቀረበው በስድብ አልነበረም፤ አትክልትና ውኃ ብቻ እየተሰጠው 10 ቀን እንዲፈተን ሹሙን በትሕትና ለመነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ባልንጀሮቹ ተመቅኝተው በመንግሥት ሥራው ጉድለት ቢፈልጉበት አንዳች ሊያገኙ አልቻሉም። በአንበሶች ጕድጓድ ፊት ያልራደው ሰው በማዕዱ ፊት የተለማመደው ያው ሰው ነው።

በአገራችንም ይህን አይተናል። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ኢጣልያ እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቢቀርብላቸው ምእመናኑን ጥለው ለመሄድ አልፈቀዱም፤ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ለሁለቱም በየዘመናቸው መውጫ በር ተከፍቶላቸው ነበር። እንዲህ ያለ እምቢታ በአንድ ሌሊት አይበቅልም።

ከእኛ ከብዙዎቻችን እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት አይጠየቅ ይሆናል፤ የሚጠየቀው የሻይ ብሩን መመለስ ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ስታስጾም ስድስተኛውን እሑድ «ገብር ኄር» ብላ ሰይማዋለች፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ቀን የሚነበበው የመክሊቱ ምሳሌ በጥቂቱ የታመነ በብዙ እንደሚሾም ያስተምራል። ጾሙም ራሱ የሰውነት ትምህርት ቤት ነው፤ የተፈቀደውን ሥጋና ወተት መተው የለመደ እጅ ያልተፈቀደውን ለመተው ይቀለዋል።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ፈተናው ሳይመጣ ዛሬ የምንችለውን እናድርግ። የመጀመሪያውን ብር ባለጉዳዩን ሳናሳፍር በፈገግታ እንመልስ፤ ሁለተኛው ጊዜ ይቀልልናልና። ለታይታ ብለን ከደመወዛችን በላይ አንኑር፤ ዕዳ ያለበት ሰው በር ሲንኳኳ ለመክፈት ይቸኩላል። የልባችንን የምንነግረው አንድ ባልንጀራ ወይም የንስሐ አባት ይኑረን። ለወላጆቻችንም የደመወዛችንን ልክ እንንገራቸው። በሬ ሸጣ ያስተማረች እናት ትንሽ መሆኑን ስትሰማ ታዝን ይሆናል፤ ነገር ግን ልጇ የሚልክላትን ጥቂት ብር ያለ ስጋት ትቀበላለች፤ በጸሎቷም ስሙን ስትጠራ አንገቷን አትደፋም።