ገዥ ተገኘ ማለት ዋጋ ተገኘ ማለት አይደለም

በብሪታንያ በቤቱ ጣሪያ ላይ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቤተሰብ ከፍጆታው የተረፈውን ለኤሌክትሪክ አቅራቢ ኩባንያዎች ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረው አሠራር ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነበር፤ በ2019 ግን ለአዲስ ተመዝጋቢዎች ተዘጋ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ ከ150,000 ያላነሱ ደንበኞች ያሏቸው ኩባንያዎች ትርፉን እንዲገዙ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ዋጋው ከዜሮ በላይ ይሁን እንጂ መጠኑን የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸው።

በዚህም የተነሳ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በአንዱ ኩባንያ ዘንድ የሚያወጣው ዋጋ በሌላው ዘንድ አይገኝም። አንዳንዱ ቋሚ ዋጋ ይሰጣል፤ አንዳንዱ በየሰዓቱ ይለዋውጣል። ሌላው ደህና ዋጋ የሚከፍለው ኤሌክትሪክ ከእርሱ ለሚገዛ ደንበኛ ብቻ ነው። ሳይጠይቅ የተዋዋለ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ገዥውን ማስገደዱ መልካም ነው፤ የማወዳደሩን ሥራ ግን ለሻጩ ትቶታል። እህልም ሆነ ወተት ለገበያ በሚቀርብበት ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የየገዥውን ዋጋ፣ የመለኪያውን ትክክለኛነትና የውሉን ዘመን ጽፈው፣ ከመሸጡ በፊት ለአባላት በጉባኤ ሊያነቡ ይገባል።